ቁልቁለቱን መጀመሪያ

የሃርክሮፍት ታውን እግር ኳስ ክለብ ሜዳ ተዳፋት ነው። ተዳፋት ሲባል ደግሞ ትንሽ ዘንበል ያለ እንዳይመስላችሁ፤ ላይኛው ጎል አፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል ለሚያይ ሰው የታችኛው በረኛ ከደረቱ በላይ ብቻ ነው የሚታየው። መሬቱን የሰጠው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ባለቤት ነበር። በጎቹ እንኳ እያማረሩ የሚግጡትን ዳገት ለሸማኔዎቹ «እንካችሁ፣ ተጫወቱበት» አላቸው፤ እነሱም አላፈሩም፣ ተጫወቱበት። ይኸው ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ፋብሪካው ፈርሶ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። ክለቡ ግን ከትልልቆቹ ሊጎች ብዙ እርከን ዝቅ ብሎ፣ አንዴ እየወደቀ አንዴ እየተነሣ አለ።

ይህ ክለብ አንድ የማይጣስ ሕግ አለው፦ መጀመሪያ ዳገቱን፣ ከእረፍት በኋላ ቁልቁለቱን። የተጋጣሚ እግር ሲዝል ያኔ እንደ ጎርፍ መውረድ ነው። ይህን ሕግ የጣሰ አምበል አንድ ብቻ ነው፤ ዊልፍ ማርስደን፣ የኤኒድ አባት።

ኤኒድ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች ክለቡ የእንግሊዝ ጥሎ ማለፍ ዋንጫ፣ የኤፍ ኤ ካፕ፣ የመጨረሻ ማጣሪያ ደረሰ። ያንን ጨዋታ ቢያሸንፍ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ከትልልቆቹ የሊግ ክለቦች ጋር እጣ ውስጥ ይገባ ነበር። ዊልፍ የሳንቲሙን እጣ አሸነፈና «ጉልበታችን ትኩስ ሳለ እናግባ» ብሎ ወደ ታች ጠቆመ። ሁለት ለባዶ መሩ። ከእረፍት በኋላ ዳገቱ ላይ ጭቃ ውስጥ ተዘፍቀው ሦስት ለሁለት ተሸነፉ።

ከዚያ በኋላ ዊልፍ ሰላም አላገኘም። ፀጉር አስተካካዩ ጋ ሄደ፣ መጠጥ ቤት ገባ፣ «ዊልፍ፣ በየት በኩል ልትወጣ ነው? በላይ ነው በታች?» ይሉታል። እሱም አብሮ ይስቃል። ቤቱ ሲገባ ግን ካፖርቱን ሳያወልቅ ወንበሩ ላይ ይቀመጥና ዝም ይላል። ኤኒድ ያንን ዝምታ ስታየው ነው ያደገችው። አባቷ ከሞተ ቆየ፤ ስሙ ግን አልሞተም፤ የባሰውም እሱ ነው። በሃርክሮፍት እስከ ዛሬ ድረስ የተሳሳተ አውቶቡስ የተሳፈረ ሰው «ማርስደን ሠራ» ይባላል። ወጣቶቹ ማርስደን የሰው ስም መሆኑን እንኳ አያውቁም። ኤኒድም በባሏ ስም ላቭል ስለምትባል፣ አጠገቧ ቆመው ሲሉት ማንም አይሳቀቅም።

እንግዲህ ክለቡ ከዚያ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያው ማጣሪያ ላይ ደረሰ። ተጋጣሚው ዌልስቦሮ ነው፤ ደመወዝተኛ ተጫዋቾች፣ መስኮቱ የጠቆረ አውቶቡስ፣ ምግባቸውን ሳይቀር ይዘው የመጡ። የሃርክሮፍቶቹ ልጆች ደግሞ አንዱ ጣሪያ ሠሪ፣ አንዱ መምህር፤ አምበሉ ጆኤል ፖስታ አዳይ ነው፤ የዚያን ቀን ጠዋትም ፖስታ አድሎ ነው የመጣው። ሕዝቡ ከአጥሩ እስከ ሻይ መሸጫው ድረስ ተጠቅጥቆ፣ ትኩስ የሥጋ ፓይ በእጁ ይዞ ዳኛውን ይጠብቃል።

ዳኛው ሳንቲሙን ወረወረ። የዌልስቦሮ አምበል ጎንበስ ብሎ አየና ፈገግ አለ። የከተማውን ታሪክ አንድ ሰው ሹክ ብሎታል መሰለኝ፣ ጣቱን ቀስሮ ዳገቱን አሳየ። እነሱ መጀመሪያ ዳገቱን ሊወጡ፣ ሃርክሮፍት መጀመሪያ ቁልቁለቱን ሊወርድ ነው።

«አለቀልን!» አለ ከኤኒድ አጠገብ የቆመው ሴድሪክ። ሰማንያ ያለፈው ሽማግሌ ነው፤ የዊልፍን ጨዋታም በልጅነቱ አይቷል። «በገዛ ሜዳችን ማርስደን ሠሩብን! አየሽ ኤኒድ? ፓዬን ሳልጨርስ ተሸነፍን!»

«አፍህን ይዘህ ፓይህን ብላ!»

«ምነው፣ ደስ ያለሽ ትመስያለሽ?»

ደስ ብሏታል እንጂ! ሕዝቡ ሁሉ ሲያቃስት እሷ ብቻ የብረት አጥሩን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛ ትስቃለች። ዛሬ ቁልቁለቱን አስቀድመው ካሸነፉ፣ አባቷ ጥፋተኛ አልነበረም ማለት ነው። ከተሸነፉ ግን ስሙ እስከ ዘላለሙ እንደተረገመ ይቀራል፤ እሷም ከእንግዲህ ሌላ እንዲህ ያለ ቀን አታይም።

ጨዋታው ተጀመረ። ሃርክሮፍት ቁልቁል ተንደረደረ። ገና ከመጀመሩ ጣሪያ ሠሪው ከቀኝ ያሻማትን ኳስ መምህሩ በግንባሩ ገጭቶ አገባት። ሜዳው ተናወጠ። ሴድሪክ ፓዩን ወደ ሰማይ ወረወረው፤ የፊተኛው ሰውዬ ኮፍያ ላይ አረፈ።

«ይቅርታ ወንድሜ! ብላው፣ ያንተ ነው!»

ደስታው ግን አልቆየም። ለእረፍት ጥቂት ሲቀር ዌልስቦሮ በቅጣት ምት አቻ አደረገ። አንድ ለአንድ።

«እንግዲህ ዳገቱ ቀረን» አለ ሴድሪክ ድምፁ ከስሞ። «ያኔስ ሁለት ለባዶ ይዘን ነበር።»

እንደ ሁልጊዜው የእረፍቱ ፊሽካ ሲነፋ ደጋፊው በሙሉ ቦታ ሊቀይር ተነሣ። ቡድናቸው የሚያጠቃው ጎል ጀርባ መቆም የእነዚህ ሰዎች ወግ ነው። የዛሬው ግን ተገልብጧል፤ ከዊልፍ ጨዋታ ወዲህ ከእረፍት በኋላ ላይኛው ጎል ጀርባ ቆሞ የሚያውቅ የሃርክሮፍት ሰው የለም። ሕዝቡ በሜዳው ጠርዝ ሽቅብ መንገድ ጀመረ። ኤኒድ ዳሌዋ ያማታል፤ ሴድሪክ ደግሞ ትንፋሹ አጭር ነው። ክንድ ለክንድ ተያይዘው እየተነጫነጩ ወጡ።

«ታች ብንቀርስ? ከዚያም ይታያል» አለ።

«አንተ ቅር፤ እኔ እወጣለሁ።»

«ደግሞ ብቻሽን ወድቀሽ ልታሳፍሪኝ? ነይ ወዲህ፣ ያዢኝ!»

ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር ዌልስቦሮ ቁልቁል መጣ። ሕዝቡ ዓይኑን ሊጨፍን ምንም አልቀረው። ያኔ ነው ኤኒድ ከላይ ሆና ነገሩን ያየችው። ኳሷ ትሮጥባቸዋለች! የመስመር ተጫዋቻቸው ወደፊት ሲገፋት ትቀድመዋለች፤ ነፋስ ኮፍያውን እንደወሰደበት ሰው ከኋላዋ ይከንፋል፤ ሳይደርስባት ትወጣለች። ያቀበሉት ሁሉ ይረዝማል። እርስ በርስ መሰዳደብ ጀመሩ።

«ሴድሪክ፣ እያቸው! መያዝ አቃታቸው!»

«ቆይ እስቲ፣ ገና ነው…»

«የእኛዎቹንስ አየህ? ዳገቱ ኳሷን ያቆምላቸዋል! እግራቸው ሥር ትጠብቃቸዋለች!»

ሴድሪክ አፉን ከፍቶ አየ። እውነቷን ነው። የሃርክሮፍት ልጆች ዳገቱን እያለከለኩ ይወጣሉ፤ ኳሷ ግን ከእግራቸው አትርቅም። በዚህ ዓይነት ጨዋታው ሊያልቅ ሲል አንዲት ኳስ ከፍ ብላ ላይኛው ጎል ፊት ወደቀች። የዌልስቦሮ ተከላካይ ትነጥራለች ብሎ ወደ ጎሉ ሮጠ፤ እሷ ግን ዳገቱን መትታ ቀጥ አለች። ጆኤል ከኋላ ደረሰ። መታት።

መረቡ ኤኒድ ፊት ላይ ተወጠረ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በወጉ የሚናገር የለም። ሴድሪክ አለቀሰ፤ ኤኒድም ጮኸች፤ ሕዝቡ እርስ በርሱ ተቃቀፈ። የቀሩት ደቂቃዎች ደግሞ የሲኦል ነበሩ። ዌልስቦሮ የታችኛውን ጎል ቋሚ መትቶ ተመለሰበት፤ ሴድሪክ ፊቱን በኤኒድ ሻርፕ ሸፍኖ «ምን ሆነ? ምን ሆነ?» ይላል፤ እሷም «ወጣች! ወጣች!» ትለዋለች። በመጨረሻ ፊሽካው ተነፋ።

ሕዝቡ አጥሩን ጥሶ ሜዳ ገባ። ጆኤል ፊቱ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ያገኘውን ሁሉ እያቀፈ አጥሩ ጋ ሲደርስ ሴድሪክ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ።

«ማርስደን ሠርተን አሸነፍን፣ ልጄ! ማርስደን ሠርተን!»

ጆኤል ሳቀ። ኤኒድ የጭቃ እጁን ያዘችው።

«ማርስደን ማን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«ማን? እንዲሁ የሚባል ነገር አይደል እንዴ፣ እማማ ኤኒድ?»

«ሰው ነው። የዚህ ክለብ አምበል ነበር። እዚሁ ማጣሪያ ላይ ቁልቁለቱን አስቀድሞ መረጠና ተሸነፉ። ከተማው ዕድሜውን ሙሉ ሳቀበት። አባቴ ነው።»

ጆኤል ፈገግታው ጠፋ። ዞሮ ሜዳውን ቁልቁል አየ፤ ተጫዋች እንደሚያየው፣ ጥቂት አሰብ አድርጎ።

«ልክ ነበሩ እኮ» አላት። «እኔ እንዲያውም በሚቀጥለው እጣውን ካሸነፍኩ ቁልቁለቱን ነው የማስቀድመው።»

ይህችን አንዲት ቃል አባቷ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ስንት ዘመን እንደጠበቃት ኤኒድ ነች የምታውቀው። ሴድሪክ ኮፍያውን አወለቀ። ጆኤል ግን ዝም ብሎ የሚቆም ልጅ አይደለም፤ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ በጭቃ እጁ ምልክት እየሰጠ ጮኸ።

«ልጆች! ማርስደን ሰው ነው! የእማማ ኤኒድ አባት ነው! በሉ እንጂ!»

ተጫዋቾቹ ተያያዙትና «ማርስደን! ማርስደን!» አሉ። ሕዝቡ ተቀበላቸው። ግማሹ ማርስደን ማለት ዘግይቶ የገባው ተቀያሪ መስሎታል፤ ግድ የለውም፣ ከላይኛው ጎል እስከ ታችኛው ስሙን እየጠራ ይዘላል። ኤኒድ በዚያ ሜዳ ስሙን ጮክ ብላ ጠርታው አታውቅም ነበር። አጥሩን ይዛ ከሴድሪክ ጎን ቀና አለችና፣ እንባዋ እየወረደ፣ ድምፅዋ እስኪዘጋ ድረስ ከሕዝቡ ጋር የአባቷን ስም ጠራች።