የአሥራ አራት ቁጥር ቦታ

የፖርት ካርዌን የንጉሡ የባሕር ነገረ ፈጅ ቢሮ ሥራ የጀመረው በዓሣ ማድረቂያ ሰገነት ላይ ነበር። ሰባ ዓመት አልፎት፣ አራት ነገረ ፈጅ ተፈራርቆበት፣ ወደ ድንጋይ ቤት ከተዛወረ በኋላም የዓሣው ሽታ መዝገቦቹን አልለቀቀም። ሄስተር ክሬክ ግን ሽታውን ትወደዋለች።

የቢሮው ገልባጭ የሆነው አባቷ ዓይኑ ከደከመ ወዲህ በእሱ ስም ወረቀት የምትገለብጠው እሷ ናት። ቢሮው ያውቃል፤ እንዳላወቀ ይሆናል። ፊደል ያስቆጠራት የለም፤ አባቷ አበላሽቶ በጣላቸው ግልባጮች ራሷን አስተማረች።

ያን ሰኞ የደረሳት የኖርዌይ መርከብ ወረቀት ነበር። ጦርነቱ ከፈረንሳይ ጋር ነው፤ ኖርዌዮች የሉበትም። የጠላት መርከብና ጭነት እየያዘ እንዲያመጣ ፈቃድ ያለው የወደቡ ማራኪ ግን «የጫነው የፈረንሳይ ጨው ነው» ብሎ ጎትቶ አመጣው። ነገ ዳኛው ካመኑት መርከቡም ጨውም ይወረሳል። የመርከቡ ካፒቴን ሆልቦል የጨዉን ባለቤት የሚያስረዳ ወረቀት ነበረኝ ቢል የሚሰማው አጥቷል።

ልማዱ እንዲህ ነው፦ ማራኪው እዚያው ባሕር ላይ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ቁጥር ይጽፍባቸዋል፤ ወደብ ሲደርስ «አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም» ብሎ ይምላል፤ ቢሮው ለዳኛው ይገለብጣል። ሄስተር አሥራ ሦስትን ጨርሳ ተከታዩን ብታነሳ አሥራ አምስት ሆነ። ከረጢቱን ገለበጠች፤ ጠረጴዛው ሥር ተንበርክካ ፈለገች። ከዚያ ሳቋ መጣ። ሞኞቹ መጀመሪያ ቆጥረው፣ ኋላ ሰርቀዋል።

ለምክትል ነገረ ፈጁ ለሚስተር ዳክሬ ነገረችው። ቀና እንኳ አላለም።

«አሥራ አምስትን አሥራ አራት በይውና ወደ ታች ቀጥዪ።»

«ዋናው ላይ ያለው ቁጥርስ፣ ጌታዬ?»

«ዋናውን ማን ያየዋል? ዳኛው የሚያነቡት ያንቺን ነው።»

«እንግዲያው የኔ እውነት ይሁን።»

«አንቺ ልጅ፣ እኛ የቆምነው ለንጉሡ ነው።»

«ንጉሡ የሰው ጨው ስረቁልኝ ብለዋል? ደብዳቤው ካለ ይስጡኝ፤ እሱንም እገለብጠዋለሁ።»

«ይቺ ምላስሽ አባትሽን ከወንበሩ ታስነሳዋለች» አለ ዳክሬ።

ቤት ስትደርስ ካፖርቷን ሳታወልቅ «አባዬ፣ ወንበርህን ላሳጣህ ነው» ብላ ሁሉንም ነገረችው።

ሽማግሌው በጭፍን የእሳቱን ሙቀት እየፈለገ እጁን ዘረጋ። «ወንበሩ እንደሆነ ድሮም ያነክሳል» አለ። «ሠላሳ ዓመት አንዲት ቁጥር አልዘለልኩም። አሁን በስሜ ሊዘሉልኝ? ጻፊው፣ ልጄ። ጎላ አድርገሽ።»

በማግስቱ ጧት የባሕር ፍርድ ቤቱ ምልክት የሆነው የብር መቅዘፊያ ዳኛው ፊት ተቀመጠ፤ ችሎቱ ተከፈተ ማለት ነው። የመጀመሪያው ነገረ ፈጅ በደነገገው መሠረት ግልባጭ ከገልባጩ እጅ በቀጥታ ለዳኛው ይሰጣል፤ በመካከል ማንም አይነካውም። ዳክሬ እጁን ቢዘረጋም ሄስተር አባቷን ደግፋ በአጠገቡ አለፈች። ሽማግሌው ጥቅሉን አስረከበ።

ዳኛው ገጽ እየገለጡ ቆዩና ቆም አሉ። ጮክ ብለው አነበቡ፦ «አሥራ አራት። ገልባጩ እጅ አልደረሰም።»

ዋናዎቹ ቀረቡ፤ ቁጥሮቹ ታዩ። ዳኛው ወደ ማራኪው ዞሩ። «ይህ ወረቀት የት ሄደ?»

«የባሕር ውሃ አበላሸው፣ ክቡርነትዎ።»

«ቁጥር ከጻፍክበት በኋላ፣ አልቀነስኩም ብለህ ከመማልህ በፊት ነው?»

ማራኪው ባርኔጣውን በእጁ ያዞር ጀመር።

«ይህን ግልባጭ የጻፈው ማን ነው?» አሉ ዳኛው።

ዳክሬ ፈጠን ብሎ «ሽማግሌው ነው፤ ዓይኑ አያይም፣ ተሳስቶ...» ሲል ሄስተር ቆመች።

«እኔ ነኝ። አልተሳሳትኩም።»

እኩለ ቀን ሳይሞላ መርከቡ ከነጨው ተለቀቀ። ከሰዓት በኋላ ዳክሬ የቢሮውን በር ከፍቶ «ውጡ» አላቸው።

ሄስተር አላለቀሰችም። አባቷ በገዛ እጁ የሠራውን አንካሳ ወንበር አንስታ ተሸከመች፤ በሌላ እጇ አባቷን ይዛ በወደቡ መንገድ ወረደች። ሸራውን ሊያወጣ ሲጣደፍ የነበረው ሆልቦል ሲያያቸው ከመርከቡ ዘሎ ወረደ።

«እመቤቴ፣ ወንበሩን ወዴት ነው?»

«ወደ ዓሣ ማድረቂያው ሰገነት» አለች ሄስተር፣ ሳትቆም። «ቢሮው የጀመረው እዚያ ነው። የሚገለበጥ ወረቀት ካለህ ተከተለኝ።»