ሰባት ቤት በአንድ ዲስክ

ዓርብ ከቀትር በኋላ፣ ሻባት፣ ሰንበታችን፣ ልትገባ ሁለት ሰዓት ሲቀራት፣ ዲስኩን ለአራተኛ ጊዜ አስገባሁት። ማጫወቻው ትንሽ አጉረመረመና ዝም አለ። ስክሪኑ ላይ ያው ቃል መጣ፦ «ዲስክ የለም»።

ዲስኩ ግን አለ። ሟቹ አያቴ፣ የእናቴ አባት አባባ ጓዴ፣ ዘሩን ሲቆጥር የተቀረጸበት ነው፤ ሌላ ቅጂ የለውም።

እህቴን ናዓማን ማታን የሚባል የገዴራ ልጅ ሊያገባት ነው። ነገ ማታ ሻባት ስትወጣ ሽማግሌዎቹ ቂርያት ማላኪ እኛ ቤት ይመጣሉ። ማክሰኞ ዕለት ግን የማታን አጎት አያ ዘሩ ከያቭኔ ለእናቴ ደወለላት።

«ውቢት፣ ልጆቹስ ደስ ይላሉ። ግን ዘር ይቆጠር።»

በእነሱ በኩል ስድስተኛው አያት ጀምበሩ የሚባል አንድ ዓይና የወለቃ ሰው ነው። ስሙን ከአንቺም ወገን የሰማሁት ይመስለኛል አላት። እኛ ዘንድ እስከ ሰባት ቤት አንድ አያት ከተገኘ ሁለቱ እህትና ወንድም ናቸው፤ ጋብቻ የለም። እናቴ አራት ድረስ ቆጠረችና ጠፋባት። የቀረው ያ ዲስክ ነው።

ማታንን እኔም እወደዋለሁ። ቤኤር ቱቪያ መጋዘን ውስጥ አብረን ካርቶን እንጭናለን። ቆሜ በሐሳብ ስሄድ ሌሎቹ ያፏጩብኛል፤ እሱ ግን የት ደርሰህ መጣህ ብሎ ይጠይቀኛል። ናዓማን ያያትም እኔን ሊጠይቅ መጥቶ ነው።

አያቴን የቀረጸው ገዴራ ያለ ሠርግ ቀራጭ ነበር፤ ለጥራቱ ብሎ በብሉሬይ ዲስክ አድርጎ ሰጠን። ከኮምፒውተሬ ጋር የማያይዘው ማጫወቻ ከጋን ያቭኔ ሰው የገዛሁት አሮጌ ነው። የሱቅ ፊልም ጥርት አድርጎ ያሳያል፤ የአያቴን ዲስክ ግን አያውቀውም፤ እንዲህ ያለው ዲስክ የወጣው እሱ ከተሠራ በኋላ ነውና። ማጫወቻ በሆዱ ትንሽ ፕሮግራም አለው፤ ፈርምዌር ይሉታል። የትኛውን ዲስክ እንዴት እንደሚያነብ የሚነግረው እሱ ነው። ያልተነገረውን ዲስክ ፊቱ አስቀምጠህለትም «የለም» ይላል።

አዲሱን ፈርምዌር ሐሙስ ማታ አንድ የተረሳ ገጽ ላይ አገኘሁት። ከፋይሉ በላይ ማስጠንቀቂያ ነበር፦ እየተጫነ ሳለ መብራት ከጠፋ ማጫወቻው ድንጋይ ሆኖ ይቀራል።

ናዓማ በሩን ተደግፋ ታየኛለች።

«አንተስ ያለ ሽማግሌ አግብተሃል፤ ይቺን ብረትህን።»

«ብረቷ ከሞተች ሌላ የለም።»

«የለም ማለት?»

«የገዴራው ሱቅ ሳቀብኝ። ዛሬ ዲስክ ማን ይዟል አለኝ። የያቭኔው እስከ እሑድ ዝግ ነው።»

ጥፍሯን ነከሰች። «አድርገው። ያላ።»

ጫንሁት። አንድ ከመቶ። ሦስት ከመቶ። የማጫወቻው መብራት ብልጭ ብልጭ ይላል። አሥራ አራት ላይ ቆመ። ከዚያ እንደገና ተንቀሳቀሰ። ሐሳቤ ዲስኩ ውስጥ ገባ፤ አባባ ጓዴ በጨለማ ተቀምጦ በሩ እስኪከፈትለት የሚጠብቅ መሰለኝ።

ስድሳ ሁለት ላይ ከአልጋው በታች ቲክ ቲክ የሚል ሰማሁ።

የሻባት ሰዓቱ። ቁጥሩ ሲደርስ መብራቱን በራሱ የሚቆርጠው። እኔ በሐሳብ ፈዝዤ ሻባት እንዳልሽር ብላ፣ በየሳምንቱ ዓርብ ኮምፒውተሬን ቀድሞ እንዲያጠፋ እናቴ ናት የሰካችው። ረስቼዋለሁ።

በሆዴ ተሳብሁ። መዘውሩ ከመቁረጫዋ ጥርስ ሊደርስ የስንዴ ቅንጣት ያህል ቀርቶታል። ገመዱን ብነቅል ይጠፋል፤ ብተወውም ይጠፋል። ጥርሷን በጥፍሬ ወደ ላይ ለማውጣት ሞከርሁ፤ አቧራ ይዟት አልነቃነቅ አለች።

«ምን ታደርጋለህ እዚያ ሥር?» አለች እናቴ ከኮሪደሩ።

«ቤሰደር፣ ደህና ነኝ፣ እማዬ።»

«ሰዓቱን እንዳትነካካ። ሻባት ልትገባ ነው።»

«አንዲት ደቂቃ።»

«የአንተ ደቂቃ ዓመት ናት።»

ጥፍሬ ተሰበረ፤ ጥርሷም ወጣች። መዘውሩ አልፏት ሄደ፤ መብራቱ አልጠፋም። ከአልጋው ሥር እንደተጋደምሁ ናዓማ ቁጥሩን ትነግረኛለች። «ሰባ ዘጠኝ። ዘጠና። ዝም በል፣ አትንቀሳቀስ» ትላለች፤ የምንቀሳቀሰው ይመስል።

መቶ ሲል ወጥቼ ዲስኩን አስገባሁ። አጉረመረመ። ዝም አለ። ከዚያ አባባ ጓዴ ነጭ ጋቢውን ለብሶ ስክሪኑን ሞላው።

ክፉ ነገር ካለ መጀመሪያ እኔ ልስማው ብዬ ጆሮ ማዳመጫ አደረግሁ። ናዓማ አልጋዬ ላይ ተቀምጣ ፊቴን ታነባለች።

«እኔ ጓዴ፤ አባቴ ተገኘ፤ ተገኘ የድረስ፤ ድረስ የፈረደ፤ ፈረደ የአየልኝ፤ አየልኝ የመርሻ» አለ አያቴ፣ በትሩን በየስሙ መሬት እየነካ።

ከእህቴ ተነስቼ በጣቴ ቆጠርሁ። ሰባቱ ሞልቶ አለፈ።

«የለም» አልሁ። «ጀምበሩ የለም።»

ናዓማ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ቀጥላ ስልኳን አነሳችና ለማታን ጻፈች። እናቴ ከወጥ ቤት እልል አለች፤ ጎረቤት ባትሔንም ምን እንደሆነ ሳታውቅ በግድግዳው ማዶ መለሰችላት።

አባባ ጓዴ ግን አልጨረሰም። ውሃ ጠጣ፤ ጢሙን ጠረገ።

«በእናቴ በኩል ደግሞ» አለ። «እናቴ ጠጅቱ የቢያድጎ፤ ቢያድጎ የጀምበሩ፤ የወለቃው፣ ያ አንድ ዓይናው።»

መቁጠር አላስፈለገኝም። ስድስት ነው።

የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። አንዲት ቁልፍ ብጫን ዲስኩ ይወጣል፤ ነገ ማታ ማጫወቻው ሞተ ብል ከቂርያት ማላኪ እስከ ያቭኔ ውሸትህን ነው የሚለኝ ሰው የለም። አያ ዘሩ አምኖኝ ሲመርቃቸው ታየኝ። መጋዘኑ ውስጥ ከማታን ጋር አንድ ካርቶን ወዲያና ወዲህ ይዘን፣ ዓይኑን እያየሁ፣ በየቀኑ።

ናዓማ ስልኳን እያየች ፈገግ አለች። «ልብ ላከልኝ። አሥራ አንድ ልብ። ጅል።» ቀና ስትል ፊቴን አየችው። «ምነው?»

የጆሮ ማዳመጫውን ገመድ ነቀልሁና ወደ ኋላ መልሼ አጫወትሁት። የአያቴ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። «በእናቴ በኩል ደግሞ…»

ወጥ ቤት ውስጥ ማንኪያው ዝም አለ።

«መልሰው» አለች ናዓማ።

መለስሁት። በዚህኛው በጣቷ ቆጠረች፤ ራሷን፣ እናቴን፣ አያቴን፣ ጠጅቱን፣ ቢያድጎን። ስድስተኛው ላይ እጇን ጨበጠችው።

«ምን ይላል አባቴ?» አለች እናቴ። ድምፅዋ አውቆታል።

«ሻባት ስንት ቀራት?» አለችኝ ናዓማ።

«ሃያ ደቂቃ።»

«ይበቃል።» ተነሳች። «ማታን ከሽማግሌ አፍ እንዳይሰማው።»

ስልኳን ይዛ ወደ ሰገነቱ ወጣችና መስታወቱን ዘጋችው። ጀርባዋ ይታየኛል። አንዴ ስሙን ጠራችው፤ ከዚያ ረጅም ጊዜ የምታዳምጥ እሷ ሆነች።