ስብሰባው ፎቅ ላይ ነበር

አዳራሹን ልትቀማን የተነሳችው የገዛ ልጄ ናት። ባዳ ቢሆን ኖሮ ልክ ልኩን ነግሬው እገላገል ነበር።

ባለቤቴ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። ስትሮክ ግራ ጎኑን ከጣለው ወዲህ፣ እንደሱ ካሉ ሰዎች ጋር ከሰዓት በኋላ በሰፈሩ አዳራሽ መራመድ ይለማመዳል። ወለሉ ደልዳላ ነው፤ ግድግዳው ላይ ዳር እስከ ዳር መደገፊያ ብረት አለ። መጀመሪያ እኔን ተደግፎ መቆም እንኳ አቅቶት ነበር። አሁን ብረቱን ይዞ መስኮቱ ጋ ይደርሳል። ልምምዱን ካቋረጠ ግን ተመልሶ አልጋ ላይ እንደሚውል ሐኪሙ ቁርጡን ነግሮናል።

ልጄ ደግሞ የሰፈሩን ልጆች ውዝዋዜ ታሰለጥናለች። ጠዋት ትምህርት ቤት ናቸው፤ ስለዚህ የእኛን ሰዓት ጠየቀች። እኛ ፎቅ ወዳለችው ክፍል እንድንዛወር ያሰበችውም እሷው ናት፤ አየር አላት፣ ጸጥታ አላት ብላ። ደረጃውን እየዘለለች ስለምትወጣው፣ መኖሩም ትዝ አላላትም።

አዳራሹን የሚያስተዳድረው ኮሚቴ ደግሞ ባሰ። በእኛ ጉዳይ የጠራውን ስብሰባ እዚያው ፎቅ ላይ አደረገው! የእኛዎቹ ይወርዱልናል ብለው ደረጃው ሥር ተቀምጠው ጠበቁ። ወጥቼ ታች እየጠበቁ ነው ብላቸው፣ ሊቀመንበሩ፣ ያ የሰፈሩ ፋርማሲስት፣ ባለጉዳዮቹ ስላልተገኙ አዳራሹ ለተወዛዋዦቹ እንዲሆን በሌሉበት ተወስኗል አለኝ። እጅ አውጥተው ጨርሰዋል። ደሜ ፈላ።

በማግስቱ ቀድመን ገብተን አዳራሹ መሃል ወንበር ይዘን ተቀመጥን። ልጄ ስፒከሯን ተሸክማ፣ ተወዛዋዦቿን አስከትላ መጣች፤ ሊቀመንበሩም ሊያስወጣን ከኋላቸው። የማወርድባቸውን ስድብ አዘጋጅቼ ነበር። ባለቤቴ በደህናው እጁ ዝም አሰኘኝ። ምላሱ ገና አልተፈታም፤ እያንዳንዱን ቃል ታግሎ ነው የሚያወጣው።

"ስብሰባው አልተጀመረም" አለ። "እኛ ታች ነበርን። ተቀመጡ።"

ሊቀመንበሩ ውሳኔው እንደማይቀለበስ ሊያስረዳ ጀመረ። ማንም አልሰማውም። ልጄ አባቷን አየች፤ ዞር ብላ ደረጃውን አየች። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ። ስፒከሯን መሬት አስቀምጣ ፎቅ ወጣችና የኮሚቴውን ወንበሮች ከልጆቹ ጋር እየተቀባበለች አወረደቻቸው።

አባቷ አጠገብ የምትቀመጥ መስሎኝ ነበር። የለም፤ ወንበሯን ፊት ለፊቱ አደረገች።

"ይቅርታ አባዬ፣ ደረጃው አልታየኝም። ልጆቼ ግን ሜዳ ላይ አይቀሩም። እከራከርሃለሁ።"

"ተከራከሪ" አላት። "እዚሁ ታች።"

ተናደድኩባት፤ ኮራሁባትም። ማንን ትምሰል! ሊቀመንበሩ ቆሞ ቆሞ ሲሰለቸው፣ ወንበር ስቦ ከመሃላችን ተቀመጠ።