ከኋላዎ፣ ትኩስ!

«ከኋላዎ! ትኩስ!»

ሐዘን ቤቱ ደነገጠ። ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲያወራበት በሰነበተ ሳሎን ውስጥ እንዲህ ያለ ጩኸት ሲፈነዳ፣ አንዷ ጎረቤት ቡናዋን ቀሚሷ ላይ ደፋች። ጥግ ላይ ያንቀላፉ አንድ ሽማግሌም ብንን ብለው «ደግሞ ማን ሞተ?» አሉ። ይኼ ሁሉ ሳያንስ፣ ከማድ ቤት ሰባት ሰዎች በአንድ አፍ «ሰማሁ!» ብለው መለሱ።

የጮኸው ሰው ቁመቱ በሩን የሚሞላ፣ ትከሻው ቁም ሣጥን የሚያህል ነው። ቅጽል ስሙ ግን ሹክሹክታ ይባላል፤ ለምን እንደሆነ እንደርስበታለን። የሚጨስ የሾርባ ድስት በሁለት እጁ ይዞ ከባለቤትየው ወንበር ጀርባ ቆሟል። ባለቤትየው ልብስ ሰፊ ነው፤ የሞተችው ሚስቱ ናት። ጩኸቱ ለእሱ ነበር፤ መልስ የሚጠበቀውም ከእሱ።

ልብስ ሰፊው አልመለሰም። ሹክሹክታ ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ ድስቱን እንደያዘ ወደ ኋላ ተመለሰና፣ በግድግዳውና በኪራይ ወንበሮቹ መካከል እየተሹለከለከ በዙሪያው ሄዶ ጠረጴዛው ጋ ደረሰ።

ያን መዞር ልብስ ሰፊው ከዚህ በፊት ያውቀዋል።

«አሁንስ በዛ!» አለች ታላቅ እህቱ ጆሮው ሥር ገብታ። «ሐዘን ቤት ነው ወይስ መናኸሪያ? ይኼ ግንድ የሚያህለው ደግሞ ዘጠኝ ዓመት ታስሮ የወጣ ነው አሉ። ከጠዋት ጀምሮ ቢላ ከእጁ አልወጣም እኮ! ዛሬውኑ ይሂዱልህ። አንተ ይሉኝታ ከያዘህ እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«ቆይ እስቲ» አለ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ከእህቱ ቀድሞ እሱ ነበር የሚያባርራቸው። ሚስቱ ሠላሳ ዓመት በሆቴል ማድ ቤት ስትንገበገብ ኖራ ጡረታ ስትወጣ፣ እንግዲህ ቁጭ ብለን ሻይ እንጠጣለን ብሎ ነበር። እሷ እቴ! አንድ አሮጌ የፋብሪካ ካፍቴሪያ ለምና አገኘችና የምግብ ዝግጅት ማሠልጠኛ ከፈተችበት። የምትሰበስበው ደግሞ ማንም የማይቀጥረውን ሰው ነው፤ ከእስር የወጣውን፣ መጠጥ ዕድሜውን የበላበትን፣ እግሩን መኪና የደቆሰውን፣ ልጅ ስታሳድግ አርባ ዓመት የሞላትንና በሕይወቷ ደመወዝ ተቀብላ የማታውቀውን። በአራት ወር ሽንኩርት መክተፍም፣ በሰዓት መገኘትም አስተምራ ሥራ ታስገባቸዋለች። አሁን ማድ ቤቱን ይዘው ለለቀስተኛው የሚያበስሉት እነሱ ናቸው።

የመጀመሪያው ትምህርቷ ቢላ አልነበረም። ትኩስ ወይም ስለት ይዞ በሰው ጀርባ የሚያልፍ ሁሉ ድምፁን አውጥቶ ይናገራል፤ ከፊቱ ያለው «ሰማሁ» ይላል። ካልመለሰ አይታለፍም። «ያልመለሰልህ ሰው መምጣትህን አላወቀም፤ ዞረህ እለፍ!» ትላለች።

ችግሩ ይኼን ሕግ ከሆቴሉ ዘመን ጀምሮ ቤቷም ይዛ መግባቷ ነው። አንዲት ብርጭቆ ሻይ ይዛ በስፌት መኪናው ጀርባ ስታልፍ እንኳ «ከኋላህ፣ ትኩስ!» ነው። «እኔ ሚስት እንጂ ሆቴል አላገባሁም!» እያለ ይነጫነጫል፤ ግን ይመልሳል። ከንፈሩ መካከል መርፌ ነክሶ ሲሰፋ «ም-ማሁ» ይላታል፤ እሷም በሳቅ ትፈርሳለች።

በሞተችበት ቀን ጠዋት ግን ተጣልተው ነበር። ሐኪሙ ልብሽ ደክሟል፣ ሥራ ተዪ ብሏታል። «ይኼን ዙር ብቻ ላስመርቅ» አለች። «ያንቺ ዙር መቼ ያልቅና!» ብሎ ወደ ስፌት መኪናው ዞረ። ማንቆርቆሪያውን ይዛ መጣች።

«ከኋላህ፣ ትኩስ።»

ሰምቷል። ለኩርፊያ ዝም አለ። ቆማ ጠበቀችው፤ የማንቆርቆሪያው ክዳን ሲንቀጫቀጭ ይሰማው ነበር። ከዚያ በጠረጴዛው ማዶ ዞራ ሻዩን ቀዳችለትና ሥራዋ ሄደች። እኩለ ቀን ሳይደርስ እዚያው ምድጃዋ አጠገብ ልቧ ቆመ።

ይኼን ለማንም አልተናገረም። ያቺን «ሰማሁ» ሳይላት ቀርቷል። አሁን ቢላትስ ማን ሊሰማው? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

«ትነግራቸዋለህ ወይስ ልንገራቸው?» አለች እህቱ።

ተነሥቶ ወደ ማድ ቤት ገባ። እህቱም ተከተለችው።

የመንታዎቹ እናት የምትባለው ሴትዮ ካሮት ትከትፋለች፤ ቁርጥራጩ በሙሉ እኩል ነው። እግሩ የሚያነክሰው የድሮ ሾፌር ሳህን ያጥባል። የሚስቱ ሽርጥ ሚስማሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው፤ ማንም አልነካውም። ሹክሹክታ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ፤ ድምፁ እምብዛም አይሰማም። «አፌ ለምዶ ነው። የት እንዳለሁ ጠፋኝ።»

«አይቆጡት ጋሼ» አለች የመንታዎቹ እናት። «ሲመጣ ድምፅ የሚባል አልነበረውም። እስር ቤት ሆኖ ዝም ማለት ለምዶ። በመጀመሪያው ወር የፈላ ድስት ይዞ በጀርባዬ ሲያልፍ በለሆሳስ ነገረኝ፤ እኔ ምኑን ሰምቼ! ዞር ስል ይኸው።» እጅጌዋን ሰብስባ የተቃጠለ ክንዷን አሳየችው። «በማግስቱ ትቶ ሊሄድ ሲል ሼፋችን አስቀረችው። ጠዋት ጠዋት ግቢ ታወጣውና ባዶ ድስት አስይዛ ጩኽ ትለዋለች። ሰፈሩ እኮ እብድ ቤት የተከፈተ መስሎት ነበር! ሁለት ወር ሙሉ ድምፁ አልወጣ አለው። ያረፈች ቀን ግን…»

ሹክሹክታ ጨረሰላት።

«ያን ቀን ወጣልኝ ጋሼ። የእውነት ድስት ይዤ በጀርባዋ ሳልፍ ጮኽኩ። ‹ሰማሁ!› አለችኝ፤ ሳቋ ቤቱን ሞላው። ከዚያ እስቲ ትንሽ ልቀመጥ አለች። ሌላ አልተናገረችም።»

ልብስ ሰፊው የድንች ከረጢቱ ላይ ቁጭ አለ።

«ስትመጣ… ተናዳ ነበር?»

«ማን፣ ሼፋችን?» አለ ሾፌሩ። «ስትስቅ ነው የገባችው። ‹ሽማግሌው አኩርፎኛል፤ ማታ ሻይ ሳፈላለት ራሱ ይታረቃል› አለችን።»

ሳቀ። መሳቁን ያወቀው እንባው እጁ ላይ ሲንጠባጠብ ነው። ሰምቶ ዝም እንዳላት አውቃ ነበር። ኩርፊያውን ገና ከበሩ ሳትወጣ ይቅር ብላው ነበር የሄደችው።

«እህቴ» አለ አፍንጫውን እየጠራረገ፣ «እነዚህ ሰዎች የትም አይሄዱም። የሷ ናቸው።»

እህቱ በሩ ላይ ቆማ ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ ማንኪያ አንሥታ ሾርባውን ቀመሰች። እንደገና ቀመሰች። «እንዲያው ቢላውን እንኳ ቀስ አድርጋችሁ አስቀምጡት» አለች፤ ሳህንም አቀረበች።

ልብስ ሰፊው ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። ብዙም ሳይቆይ የድስት ሙቀት ጀርባውን ነካው።

«ከኋላዎ፣ ትኩስ» አለ ሹክሹክታ፣ ትንፋሽ በምታህል ድምፅ።

«አልሰማሁም» አለ ልብስ ሰፊው ፊቱን ሳያዞር።

ሹክሹክታ አየር ሳበ።

«ከኋላዎ! ትኩስ!»

የጥጉ ሽማግሌ ዳግመኛ ባነኑ። ከማድ ቤት ግን ማንም አልመለሰም፤ ሰባቱም አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል።

«ሰማሁ!» አለ ልብስ ሰፊው። ወንበሩንም ወደፊት ሳብ አድርጎ መንገዱን ለቀቀ።