የሚኒስትሩ አንዲት ፊደል

ማክሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ኢስቶኒያ ውስጥ የሚገኘው የኡዱሜ መንደር ትምህርት ቤት ጠፋ። አልተቃጠለም፣ አልፈረሰምም። ዘጠኙ ተማሪዎች ከአውቶቡስ ሲወርዱ ትምህርት ቤቱ በነበረበት ቦታ ላይ ማንም ያልረገጠው በረዶ ተኝቶ ነበር። በሩም፣ ደረጃውም፣ የሰንደቅ ዓላማው ዘንግም አብረው ሄደዋል። በግቢው ማዶ ያለው የማገዶ መጋዘን ግን ትምህርት ቤት ስላልሆነ ቀርቷል። ሹፌሩ ካውፖ ልጆቹን ቆጠረ፤ አልጎደሉም። ርእሰ መምህሯ ቪርቬ ግን የለችም። ቪርቬ ሁልጊዜ ከልጆቹ አንድ ሰዓት ቀድማ ገብታ ምድጃውን ታነዳለች።

ካውፖ በቀጥታ ለትምህርት ሚኒስትሩ ደወለ። ይህ የሚያስገርም አይደለም። አገሪቱ ትንሽ ናት፤ ሚኒስትሩ ሂላር ራንድማም የዚያው መንደር ልጅ፣ የቪርቬ ታናሽ ወንድም ነው።

«ትምህርት ቤቱ የለም» አለ ካውፖ።

«ተዘግቷል ማለትህ ነው?»

«የለም ነው የምልዎት። በረዶ ነው።»

«ቪርቬስ?»

«ምድጃ ልታነድ ገብታ ነበር።»

ሂላር ስልኩን ከጆሮው ሳያነሳ በዚያው ሰዓት በሕግ ጋዜጣው ላይ የወጣውን ውሳኔውን ከፈተ። ጥፋቱ የራሱ መሆኑን ለማወቅ አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም።

የኢስቶኒያ ቋንቋ ከቃል ጀርባ ጭራ እየቀጠለ የሚሄድ ቋንቋ ነው። «ኮሊጋ» ማለት ከትምህርት ቤት ጋር፣ ትምህርት ቤት ያለው ማለት ነው፤ የእኛን «ጋ» ከየት እንዳገኙት እነሱ ያውቃሉ። «ኮሊታ» ደግሞ ትምህርት ቤት የሌለው ማለት ነው። ሁለቱን የምትለያቸው አንዲት ፊደል ብቻ ናት። በኮምፒውተራቸው መጻፊያ ላይ ደግሞ ሁለቱ ፊደላት ላይና ታች ጎረቤታሞች ናቸው። አንዲት ጣት ትንሽ ከፍ ካለች፣ ያለው የሌለው ይሆናል።

ሂላር ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፤ አሥራ አንድ ዓመት ያስተማረው ይህንኑ ቋንቋ ነው። ከመምህርነት ርእሰ መምህር፣ ከዚያ የወረዳ ምክር ቤት አባል፣ ከዚያም የፓርላማ አባል ሆነ፤ ሚኒስትር ከሆነ ይኸው አራተኛ ዓመቱ። በእነዚህ አራት ዓመታት ልጅ የጠፋባቸውን የገጠር ትምህርት ቤቶች አንድ በአንድ ዘግቷል። ሲዘጋቸውም ደብዳቤው ያማረ፣ የሚያጽናና፣ አንድ ነጠላ ሰረዝ የማይጎድለው ነበር። ለእህቱ ግን «ያንቺን አልነካም» ብሎ ቃል ገብቶላት ነበር። ቃሉን የሚያጠብቅ ሕግም አውጥቷል፤ በሕጉ መሠረት ስለ አንድ ትንሽ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህሩ ያልፈረመበት ውሳኔ አይወጣም። በሥራ ዘመኑ የሚኮራበት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ሕግ ነው።

ሰኞ ዕለት የኡዱሜ ትምህርት ቤት እንዲቀጥል የሚያዘውን የውሳኔ ረቂቅ ላከላት፤ ቪርቬም አንብባ ፈረመች። ከዚያ በኋላ ሂላር የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር አላማረችውም። ደረቅ ሆነችበት። «ኡዱሜ ኮሊጋ ወደፊት ትራመዳለች» ሊል አስቦ በገዛ እጁ ኮሊታ ብሎ ጻፋትና ወደ ጋዜጣው ላካት። የቋንቋ መምህር የነበረን ሚኒስትር ጽሑፍ የሚያርም ሰው በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ አልነበረም፤ ቢኖርም አይደፍርም።

የሕግ ክፍሉን ኃላፊ ኤርናን ጠራት። ኤርና ዓረፍተ ነገሯን ሁለት ጊዜ አነበበች።

«የፊደል ስህተት ነው፤ አሁኑኑ ይታረም» አላት።

«ክቡር ሚኒስትር፣ የፊደል ስህተት የሚባለው ቃሉ ትርጉም ሲያጣ ነው። ይሄ ትርጉም አለው።»

«ትርጉሙ እህቴን ወሰደብኝ እኮ!»

«ይገባኛል። ግን ትርጉም አለው። አዲስ ውሳኔ ያስፈልግዎታል፤ ለአዲስ ውሳኔ ደግሞ የርእሰ መምህሯ ፊርማ ያስፈልጋል።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የራስዎ ሕግ ነው።»

ሂላር ሌላ የሚያደርገው ቢያጣ የትምህርት ቤቱን የመስመር ስልክ ደወለ። ሦስት ጊዜ ጠራና ተነሳ።

«ኡዱሜ ትምህርት ቤት» አለች ቪርቬ።

ሂላር ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። ልጆቹ ግን ዘገዩብኝ። አውቶቡሱ ተበላሸ እንዴ?»

«በመስኮቱ ምን ይታይሻል?»

«ጉም ነው። በጉሙ ውስጥ ሌሎች ትምህርት ቤቶች ቆመዋል፤ ከአንዳቸውም ጭስ አይወጣም። ሥራ ስፈታ ቆጠርኳቸው፤ አርባ አንድ ናቸው።»

ሂላር የዘጋቸውን ትምህርት ቤቶች ቁጥር ለእህቱ ነግሯት አያውቅም። አርባ አንድ ናቸው።

«ማገዶ እስከ መቼ ይበቃሻል?»

«መጋዘኑ አይታየኝም። እዚህ ውስጥ ያለው እስከ ዓርብ ያደርሰኛል።» ከዚያ ጠየቀችው። «ሂላር፣ ምን ብለህ ነው የጻፍከው?»

«ጋ ልጽፍ ብዬ ታ ጻፍኩ።»

በስድስት ዓመቱ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ፊደል ያስቆጠረችው እሷ ናት። «የፈረምኩበት ላይ እኮ ትክክል ነበር» አለች ቪርቬ። ሂላር ስልኩን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ።

አዲሱን ውሳኔ ወዲያው ጽፎ ላከላት። በዚያ አገር ሰው የሚፈርመው በመታወቂያ ካርዱ በኮምፒውተር ነው፤ ቪርቬም ካርዷን አስገብታ ፈረመች። ኮምፒውተሩ «ፈራሚዋ የምትመራው ተቋም አልተገኘም» ሲል መለሰ። ደግማ ፈረመች፣ ያው ነው። በሦስተኛው ካርዷ ተቆለፈ።

ረቡዕ ዕለት ሂላር ኡዱሜ ደረሰ። ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ ሁለት ነበር። በሜዳው ላይ፣ ጭስ ማውጫው በነበረበት ከፍታ ላይ፣ ጭስ ከባዶ አየር እየተነሳ ወደ ላይ ይሄዳል። ሂላር ከሥሩ ቆሞ እጁን ዘረጋ፤ የሚዳሰስ ግድግዳ የለም። እህቱን በስሟ ተጣራ። ከዚያ ስልክ ደውሎ «ሰማሽኝ?» አላት፤ አልሰማችውም።

ሐሙስ ኤርና ደወለች። እንቅልፍ አልወሰዳትም ነበር።

«ክቡር ሚኒስትር፣ ኮሊታ ሌላም ትርጉም አለው እኮ። አስተምር! ማለትም ይሆናል። ዓረፍተ ነገሩ ትእዛዝ ነው ብለን ብንወስደውስ?»

«ይሠራል?»

«አላውቅም። ግን ሕግ አይጥስም።»

ሂላር ዘጠኙን ልጆች በረዶው ላይ በሦስት ረድፍ አቁሞ አስተማረ። ማስተማር ከተወ አሥራ አምስት ዓመት አልፎታል፤ ድምፁ ግን አልጠፋበትም። ልጆቹ ከጋ ጋር ጋ፣ ከታ ጋር ታ እያሉ ቃል መሠረቱ፤ ከአፋቸው የሚወጣው እንፋሎት ብቻ ነበር የሚታየው። ሁለት ሰዓት ሙሉ አስተማረ፤ በመካከሉም ዞር እያለ ሜዳውን ያያል። አንድ ጡብ እንኳ አልመጣም። ኬርቱ የምትባለው የሁለተኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣች።

«መምህርት ቪርቬን ይበርዳታል ወይ?»

«እስከ ነገ አይበርዳትም» አላት፤ ልጅን መዋሸት አልቻለበትም።

ዓርብ ጠዋት ጭሱ ቀጠነ። ሂላር ደወለ።

«የመጨረሻዋን ፍልጥ ከተትኳት» አለች ቪርቬ። ጥርሷ ይንገጫገጭ ነበር። «ወደ ሌሎቹ ትምህርት ቤቶች ልሻገር ብዬ በሩን ከፈትኩ፤ ደረጃው ከሁለተኛው እርከን በኋላ የለም።»

«አትውጪ። እመጣለሁ።»

«በምን ትመጣለህ?»

አላወቀም። አውቶቡሱ ውስጥ ተቀምጦ ኮምፒውተሩን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና አንድ ሚኒስትር ማንንም ሳያስፈርም ማዘዝ የሚችለው ምን እንደሆነ አሰበ። አርባ አንድ ትምህርት ቤት የዘጋ ሰው አሁን ያለ ሌላ ሰው ፊርማ የሚያዘው ራሱን ብቻ ነበር፤ የገዛ ራሱን የመስክ ጉዞ። ቅጹን ከፈተ። መድረሻ በሚለው ላይ ኡዱሜ ትምህርት ቤትን ቢፈልግ ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። ከማን ጋር የሚለው ግን ባዶ ነበር። እህት በቋንቋቸው «ኦኤ» ናት። «ኦኤጋ» ብሎ ጻፈ፤ ከእህት ጋር። አንዷን ፊደል ከተጫነ በኋላ ጣቱን አንስቶ አያት። ጮክ ብሎ አነበባት። ካውፖንም አስነበበው።

«ጋ ነው» አለ ካውፖ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ጋ ነው ሚኒስትር፣ እኔም እኮ የእህትዎ ተማሪ ነኝ።»

ሂላር ከመጋዘኑ ፍልጥ አምጥቶ በግራ ክንዱ እስከ አገጩ ድረስ ታቀፈ። በረዶው መሀል፣ በቀጠነው ጭስ ሥር ቆመ። ካውፖ ኮምፒውተሩን ያዘለት፤ ሂላር በቀኝ እጁ ካርዱን አስገብቶ ፈረመ። ከቀትር በፊት አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ ትእዛዙ ጸና፤ ሚኒስትሩም ከሜዳው ላይ አልነበረም።

ፍልጡ በረዶው ላይ ወደቀ።

ካውፖ ፍልጡን ትንሽ ጊዜ ካየው በኋላ የትምህርት ቤቱን ስልክ ደወለ። ያነሳው ሂላር ነው። ከኋላው ቪርቬ ስታለቅስ ይሰማል፤ ደስታ ይሁን ሌላ ካውፖ አልለየውም።

«ሚኒስትር፣ ማገዶው እዚህ ቀርቷል።»

«አየሁ» አለ ሂላር። «ቅጹ ላይ ይዞት የሚሄደው ዕቃ የሚል ቦታ ነበር። ባዶ ተውኩት።»

«ምን ላድርግ?»

«ሌላ ሚኒስትር እስኪሾም ጠብቅ። ሦስት ሳምንት ቢፈጅ ነው።» ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ፤ ስልኩም ከዚያ ወዲያ አልተነሳም።

ሰኞ ጠዋት ካውፖ ዘጠኙን ልጆች ይዞ መጣ፤ አታምጣቸው ያለው ሰው አልነበረም። ጭሱ ተመልሶ ነበር። ወፍራምና ጥቁር ነበር፣ የተቃጠለ ቀለምም ይሸታል። ኬርቱ አንገቷን ቀና አድርጋ አሸተተች።

«ይሄ የእኔ ዴስክ ነው» አለች።

«በምን አወቅሽ?» አላት ካውፖ።

«ከሥሩ የለጠፍኩት ማስቲካ ይሸታል።»

ካውፖ ልጆቹን አየ፤ ዘጠኝ ናቸው። ዘጠኝ ዴስክ ማለት ነው።

ልጆቹ ማንም ሳያዛቸው እያንዳንዳቸው ዴስካቸው በነበረበት ቦታ በረዶው ላይ ቆሙ። ሁለት ሰዓት ሲሆን ደወሉ ከባዶ አየር ደወለ። ከፊታቸው፣ መስኮቱ በነበረበት ከፍታ ላይ፣ ጉም የያዘው መስታወት የሚመስል ነገር ታየ፤ ከውስጥ በኩል አንዲት ጣት ቀስ ብላ ትጽፍበት ጀመር። ጽሑፉ ከውጪ ሲታይ የተገለበጠ ስለሆነ ልጆቹ ከመጨረሻው ጀምረው አነበቡት። ከቃሉ «ኮሊ» የሚለው ተጽፎ ያለቀ ሲሆን የቀረው አንዲት ፊደል ብቻ ነበር። ጣቷ እዚያ ላይ ቆማለች፤ ከጫፏ ውሃ እየተንጠባጠበ፣ ልጆቹም ቦርሳቸውን እንዳዘሉ።