ፊታውራሪ አብሳዲ ጥቁሩን ሐር እንደ መረጠ

ልበ ብሩህ አንባቢ ሆይ፥ ከሰው ሕሊና ደዌያት ሁሉ ቅናት የሚባለው እጅግ ረቂቅና እጅግ ነውረኛ መሆኑን ሊቃውንት አስቀድመው ነግረውናል፤ ነገር ግን ይህ ደዌ ባሕር የማይሻገር፥ ሩቅ አገር የማይሄድ፥ ከደጅ ወደ ደጅ የሚመላለስ የጎረቤት ደዌ መሆኑን አጥብቀው አልነገሩንም። ማንም ሰው በማያውቀው ባለጸጋ አይቀናም፤ የሚቀናው አብሮት ፊደል በቈጠረው፥ ከአንድ ገበታ አብሮት በቈረሰው፥ ትናንት ከእርሱ ያንስ በነበረው ባልንጀራው ነው። ቁጣ ይጮኻል፥ ስስትም ያስታውቃል፤ ቅናት ግን ነጭ ኩታ ለብሶ፥ እጅ ነሥቶ፥ «እንኳን ደስ ያለህ» እያለ ይገባል። ይህን የምለው ለመምከር አይደለም፤ ምክር በሰለቸው ዘመን እንደ ተወለድሁ ዐውቃለሁ። የአንድ አባት ነገር እስከ ዛሬ ስለሚያናድደኝ ነው እንጂ።

አዜቦን በምትባል ሀገረ መንግሥት፥ የስድስት ነገሥታት ጐበዛዝት በየአራት ዓመቱ እየተሰበሰቡ የሚጋጠሙበት ዐቢይና ዝነኛ ጨዋታ ነበረ። እንደ እንቁላል ሞላላ የሆነውን የቆዳ ሩር በክንዳቸው ታቅፈው፥ ደረት ለደረት እየተጋጩ፥ አንዱ ሌላውን እየጠለፈ፥ ከባላጋራቸው መስመር ማዶ ምድር ሊያስነኩት ይታገላሉ፤ ሩሩንም ወደ ፊት መወርወር በሕግ የተከለከለ፥ መቀባበልም ወደ ኋላ ብቻ የተፈቀደ ስለ ነበረ፥ ወደ ፊት የሚሮጥ ሁሉ ከኋላው የሚያምነው ሰው ያሻው ነበር። ጨዋታው ከመጀመሩ አስቀድሞ መኳንንቱ በንጉሡ ፊት ቆመው ድል ይነሣል የሚሉትን አገር ይመርጣሉ፥ የዚያንም አገር ሐር በጦራቸው ጫፍ ያስራሉ፤ ምርጫው የሠመረለት የወርቅ ዘለበት ያለው ካባ ይለብሳል፥ በንጉሡም ቀኝ ይቀመጣል። ያለፈው ባለ ድል ቀድሞ ይመርጣል፤ ከእርሱ በኋላ ያንኑ አገር የሚመርጥ ግን ሐሩን በራሱ ጦር ማሰር አይፈቀድለትም፤ በቀዳሚው ጦር ላይ፥ ከቀዳሚው ሐር በታች ያስረዋል፥ ጨዋታውም እስኪፈጸም ከእግሩ ሥር ይቀመጣል። ለትሑት ሰው ቀላል፥ ለኩሩ ሰው ግን ከሞት የከፋ ሥርዐት ነበረ።

ፊታውራሪ አብሳዲ ርስተ ሰፊ፥ አንደበተ ርቱዕ፥ ግርማው የሚያስፈራ መኰንን ነበረ። ቀኛዝማች ኤስድሮስ ደግሞ ከእርሱ ጋር በአንድ መምህር እግር ሥር ዳዊት የደገመ፥ ርስቱ ጠባብ፥ ድምፁ ዝግ ያለ፥ ልጅም ያልወለደ ሰው ነበረ። በልጅነታቸው አብሳዲ ያዝዝ፥ ኤስድሮስ ይታዘዝ ነበር፤ ባለፈው ጨዋታ ግን የኤስድሮስ ምርጫ ስለ ሠመረ በንጉሡ ቀኝ ተቀመጠ፥ አብሳዲንም ከዚያ ወዲህ የግብሩ ሥጋ አልጥመው አለ። ይህስ ባልከፋ ነበር። የአብሳዲ አንድያ ልጅ አምኃ የአዜቦን ጐበዛዝት አለቃ ሆኖ በተሾመ ጊዜ፥ ሩር መታቀፍንና መውደቅን፥ ወድቆም መነሣትን ያስተማረው ኤስድሮስ እንደ ሆነ አገር ያውቅ ነበር፤ አባቱ በችሎትና በሙግት ሲባክን ልጁ ያደገው በቀኛዝማቹ ደጅ ነውና። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል እንዲሉ፥ አብሳዲ ልጁን በቅጡ ያየው ሌላ ሰው ሲወደው ነው። አምኃ ከሜዳ ሲወጣ አስቀድሞ ወደ ኤስድሮስ መሮጡን በሰማ ቁጥር ፊቱ ይጠቁር ነበር። እንግዲህ በግልጥ ልናገረው፤ ያ ትልቅ ሰው በገዛ ልጁ ፍቅር ቀንቶ ነበር።

የምርጫው ዕለት ሚስቱ ወይዘሮ ወለተ ሐና በገዛ እጇ የዘመዘመችውን አረንጓዴውን የአዜቦንን ሐር አምጥታ፥ «ጌታዬ፥ ይህን በጦርዎ ላይ ታስሮ ልጅዎ ይየው፤ ሌላ ነገር አይሻም» አለችው። አብሳዲም ሐሩን በብብቱ ሸጐጠ፥ በእውነትም ሊያስረው ቈርጦ ሄደ፤ ኤስድሮስ እንደ ጠቢባኑ ሁሉ ብርቱዎቹን የቶርማስን ሰዎች፥ ባለ ጥቁር ሐሮቹን፥ እንደሚመርጥ እርግጠኛ ነበረና። ቀኛዝማቹ ግን ወደ ፊት ወጥቶ አረንጓዴውን አነሣ። አደባባዩም አጕረመረመ፥ አብሳዲም በቆመበት ደረቀ። ኤስድሮስ የባልንጀራውን ፊት አይቶ እንዲህ ሲል ለመነ፦ «ንጉሥ ሆይ፥ የአባት መብት ከገማች መብት ይበልጣል። ወንድሜ አብሳዲ ቢፈቅድ ቀዳሚነቱን ለእርሱ ልተውለት፤ የእኔ ሐር ከእርሱ ሐር በታች ይታሰር።» ወዳጄ አንባቢ፥ ከዚህ የሚበልጥ ምን ትሕትና ትሻለህ? ቀናተኛ ጆሮ ግን ቸርነትን ሲሰማ ስድብ ይመስለዋል። አብሳዲ ደሙ ወደ ራሱ ወጥቶ፥ «ንጉሥ ሆይ፥ ልጄን ከሰው እጅ እንደ ምጽዋት አልቀበልም። ጥቁሩን አምጡልኝ» አለ። ጥቁሩንም አሰረ። ወደ ቤቱ በተመለሰ ጊዜ ሚስቱ ጦሩን አይታ፥ «ታዲያ የእኔን ሐር ምን አደረጉት?» አለችው። «ደረቴ ላይ አለ» አላት፥ እውነቱንም ነበረ።

ጨዋታው በተጀመረ ጊዜ አራቱ አገሮች ተራ በተራ ተሸነፉ፥ ለመጨረሻውም ቀን አዜቦንና ቶርማስ ብቻ ቀሩ። አብሳዲ በዚያ ቀን የተቀበለውን መከራ ለጠላቴም አልመኝም። ልጁ ሲወድቅ ልቡ ደስ ይለዋል፤ ደስ ስላለውም ያፍራል፤ ካፈረም በኋላ ዐይኑ ወደ ኤስድሮስ ይሄዳል፥ ኤስድሮስም ለአምኃ እንደ ወላጅ ሲጨነቅ ባየ ጊዜ እፍረቱ ይጠፋና ቅናቱ እንደ ገና ይነድዳል። ቀኑ ሊመሽ፥ መለከቱም ሊነፋ ሲል ቶርማስ በጥቂት ብልጫ ይመራ ነበር፤ ያን ጊዜ አምኃ ሩሩን ከጓደኛው እጅ ተቀብሎ፥ ሁለቱን ባላጋሮች በትከሻው ገፍቶ፥ አንዱን በሩጫ አምልጦ፥ ወደ መስመሩ ገሠገሠ። ከኋላው የቀረ አሳዳጅ አንድ ብቻ ነበረ። ሕዝቡ ሁሉ ትንፋሹን ያዘ፥ አደባባዩም ጸጥ አለ፤ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ፊታውራሪ አብሳዲ ከወንበሩ ተነሥቶ፥ ራሱን ረስቶ፥ «ያዘው! ጣለው!» ብሎ ወደ አሳዳጁ ጮኸ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አይመለስም። አምኃ ያን ድምፅ ሲሰማ ራሱን ዞር አደረገ፥ አሳዳጁም ደረሰበት፥ ልጁም ሩሩን እንደ ታቀፈ መስመሩን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ተዘረጋ።

መለከቱም ተነፋ። ንጉሡ አብሳዲን ጠርቶ ካባውን ደረበለት፥ የወርቁን ዘለበት በገዛ እጁ ቈለፈለት፥ በቀኙም አስቀመጠው፤ ኤስድሮስም እንደ ሥርዐቱ ከአደባባዩ ማዶ ወዳለው ታችኛው ወንበር ወረደ። እልልታው ግን ከአፍ እንጂ ከልብ አልወጣም፤ የሰማው ሁሉ ሰምቷልና። አምኃ ጭቃውን ሳይታጠብ መጥቶ በአባቱ ፊት እጅ ነሣ።

«ልጄ፥ ቈሰልህን?» አለ አብሳዲ።

«አልቈሰልሁም፥ አባባ። ድምፅዎን ሰማሁ። ከዛሬ በፊት ስጫወት አንድ ቀን እንኳ መጥተው ስለማያውቁ፥ በርታ ሊሉኝ መስሎኝ ዞር አልሁ። እንኳን ደስ ያለዎ» አለው፥ ደግሞም እጅ ነሥቶ ወደ ታች ወረደ። ኤስድሮስ ኩታውን አውልቆ አለበሰው፥ ልጁም ከጎኑ ተቀምጦ አለቀሰ። አብሳዲም ከምርጫው ዕለት ጀምሮ ከብብቱ ያልለየውን አረንጓዴውን ሐር አውጥቶ ከኋላው ሊጠራው እጁን ወደ ብብቱ ሰደደ፤ ነገር ግን ንጉሥ የቈለፈውን ዘለበት ንጉሡ ሳይነሣ መፍታት ክልክል ነበረና እጁ በወርቁ ላይ ቀረ። ሐሩ ከካባው በታች ነበረ፥ ልጁም ከአደባባዩ ማዶ፤ በቅናት ድል የነሣ ሰው የሚሸለመው ምርኮ ከገዛ ቤቱ የተማረከ ነው።