የጨረቃ አዋሳኞች

ወንድሟ «ጨረቃ ላይ ቦታ አገኘሁ» ሲላት ቀያሿ ከልቧ ሳቀች። ከሥራ ገብታ ጫማዋ ላይ የተጋገረውን ጭቃ በቢላ እየፋቀች ነበር፤ ቢላው ከእጇ እስኪወድቅ ሳቀች።

«ወይ አንተ! ምድር ላይ ስንዝር መሬት የሌለህ ሰውዬ!»

«ሳቂ እትዬ፣ ሳቂ። ሳቅሽ ሲያልቅ ትሰሚኛለሽ።»

ሳቋ ያለቀው በምን እንደሚገዛው ስትሰማ ነው። በዚሁ በሚኖሩበት ቤት ነበር። አባታቸው መሬት ሲለካ ኖሮ ያቆመው ቤት በጨረቃ ቦታ ሊለወጥ ነው። እናትየዋ እሺ ብላለች። አባትየው ሲሞት ቤቱ ለሦስቱም በጋራ ስለተላለፈ፣ የቀረው የቀያሿ ቃል ብቻ ነው።

«እማዬ፣ አንቺም?»

«ምን ላድርግ ልጄ? የነካውን ሁሉ ውሃ ሲበላበት ኖረ። ሰሞኑን እኮ ልብሱን ሲለብስ ሲያፏጭ ሰማሁት። ይሄን ልጅ ሲያፏጭ ከሰማሁት ስንት ዘመኔ!»

ቦታውን የሚሸጠው ደላላ በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ መጣ። ለስላሳ ሰው ነው፤ ማንም ሳይጠይቀው ጫማውን በር ላይ አወለቀ። ካልሲው አዲስ ነው። ወንበር ቢያቀርቡለትም ቆሞ ግድግዳውን በእጁ ጀርባ ቀስ ብሎ መታ መታ አደረገና ድምፁን አዳመጠ። በመስኮቱ በኩል ጨረቃዋ ገና በጠራራ ፀሐይ ወጥታ፣ ገርጥታ ትታያለች።

«አገሮች ጨረቃን የግላችን አናደርግም ብለው ተፈራርመዋል» አለችው ቀያሿ። «እርስዎ ማን ሆነው ነው የሚሸጡት?»

«አገሮች ፈረሙ፤ እኔ የፈረምኩት ነገር የለም» አለ ደላላው በፈገግታ። «ይልቅ ሙያው የእርስዎ ነውና ይንገሩኝ። መሬት የሰው የሚሆነው በምንድን ነው?»

መልሱን ማወቋ ነው ያስፈራት። ወንዝ አቅጣጫውን ቀይሮ ድንበር ሲበላ፣ ችካል በጎርፍ ሲወሰድ አይታለች። ያኔ መሣሪያዋን ተክላ የምትለካው ለወጉ ነው። ዙሪያውን የቆሙት ሰዎች «አዎ፣ እዚህ ድረስ የእሱ ነው» ካሉ የእሱ ነው፤ ካላሉ ግን የማንም አይደለም። ከዚህ የበለጠ ነገር ከሥሩ እንዳለ ስትፈልግ ኖራ አላገኘችም።

ሆኖም መውጫ ቀዳዳ ያየች መሰላት።

«በአዋሳኝ ነው» አለች። «እኛ ዘንድ ቦታ ሲሸጥ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሌ ያዋስነዋል ይባላል። አዋሳኞቹም መጥተው በአንደበታቸው ይመሰክራሉ። የእርስዎን አዋሳኞች ያምጡልኝና እኔም እሺ እላለሁ።»

ወንድምየው አቀረቀረ። እናትየዋ ግን ቀና አለች። «ብለሻል?»

«ብያለሁ።»

ደላላው አመስግኖ ጫማውን አጠለቀ። «እንግዲህ ከጨረቃ ሰው ሲያወርድ እናያለን» ብላ ቀለደች ቀያሿ፣ በሩ ሲዘጋ። ማንም አልሳቀላትም።

እሑድ ቀን ደላላው አዋሳኞቹን ይዞ መጣ። ጡረታ የወጣ መምህር፣ አንዲት ነርስ፣ እና ሁለት ዝምተኛ ወንድማማቾች። ልብሳቸው ንጹሕ ነው፤ ግን የአጣጣፉ መስመር አልለቀቀም፤ ከሻንጣ የወጣ መሆኑ ያስታውቃል። ነርሷ የመብራቱን ማብሪያ በጣቷ ነካ አድርጋ፣ «የኛም እዚህ ጋ ነበር» አለች።

«በምሥራቅ እኔ ነኝ» አለ መምህሩ።

«በምዕራብ እኔ» አለች ነርሷ።

«ሰሜኑና ደቡቡ የኛ ነው» አሉ ወንድማማቾቹ።

«ቦታውን በዓይናችሁ አይታችሁታል?» አለች ቀያሿ።

«ቤታችንን ሰጥተንበታል» አለች ነርሷ፣ ጥያቄውን የመለሰች ይመስል።

«ታዲያ አሁን የት ነው የምታድሩት?»

ከወንድማማቾቹ አንዱ ብድግ ብሎ ሄደና በሩን ተደግፎ ቆመ።

መምህሩ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «ልጄ፣ አዋሳኝ የሌለው ቦታ ቦታ አይደለም አልሽ አሉ። ልክ ነሽ። እንግዲህ እናንተ ከቀራችሁ የኛም ድንበር ባንድ ጎኑ ክፍት ሊሆን ነው።» እጇን ያዘ፤ ጣቶቹ ቀዝቃዛ ነበሩ። «ውሸት ነው እንዳትይን፣ አደራ። እሱን ለመስማት አቅም የለንም።»

ያን ጊዜ ገባት። ደላላው ለነዚህ ሰዎች የከፈላቸው ነገር የለም። መክፈልም አያስፈልገውም።

«አልፈልግም!» አለች እጇን መንጭቃ። «ቃሌን አጥፌያለሁ። ቃለ አባይ በሉኝ።»

እናትየዋ እንደተመታ ሰው ተነሣች። «በእንግዳ ፊት? የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ሲባል አልሰማሽም? በአባትሽ ቤት ቃል ታጥፎ አያውቅም!»

«እማዬ፣ የሚወስዱት እኮ የአባቴን ቤት ነው!»

«ይውሰዱት! አምጡልኝ አልሽ፣ መጡልሽ።»

ቀያሿ ወደ ወንድሟ ዞረች። ዓይኖቹ እንደ መምህሩ ዓይኖች ይማጸናሉ። አንገቷ ዝቅ አለ፤ እሺታ ይሁን ድካም እሷም አታውቀውም። ደላላው ግን አወቀው።

«እንኳን ደስ ያላችሁ» አለ። «ለጊዜው እዚሁ ተቀመጡ፤ ችግር የለም።»

«ለጊዜው ማለት እስከ መቼ?»

ደላላው ያልሰማ መስሎ ወደ በሩ ሄደ።

እንግዶቹን ሊሸኙ ሲወጡ የጎረቤታቸው አዲስ ሙሽራ የታጠበ ልብስ ታቅፋ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች።

«እትዬ፣ ጨረቃ ላይ ቦታ አለ የሚባለው እውነት ነው እንዴ? ባለቤቴ መቆሚያ መቀመጫ አሳጣኝ። ሰው ሁሉ ቢዋሽ አንቺ አትዋሺኝም፤ ሙያሽ ነው።»

ሁሉም ዞሩ። ደላላው የጎረቤትየውን ግድግዳ ያያል። ቀያሿ ከኋላዋ የእናቷን ትንፋሽ ትሰማለች፤ አጭር፣ የሚጠብቅ ትንፋሽ። «ውሸት ነው» የሚለው ቃል ከምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር። ከወጣ ግን እናቷ ቤቷን የሰጠችው በባዶ ነው።

«ነይ ግቢ» አለች ቀያሿ። ድምፅዋ ለራሷም ባዕድ ሆነባት። «ቦታው እንደሆነ ሰፊ ነው።»